ከግዞት እስከ ርስት፤ የጄምስ ሩስ የሕይወት ታሪክ



አንድ ሰው በወንጀል ተፈርዶበት ከአገሩ ከተጋዘ በኋላ፥ በተጋዘበት ምድር ባለርስት ሆነ ቢባል ተረት ይመስላል። ዛሬ የምንተርክላችሁ ታሪክ ግን በፍርድ ቤት መዝገብና በመንግሥት ደብዳቤዎች ሰፍሮ የሚገኝ እውነት ነው። ሰውየው ጄምስ ሩስ ይባላል፤ የተወለደበት አገር እንግሊዝ፥ የተጋዘበትም ምድር አውስትራልያ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሩስ በ1759 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፥ ኮርንዎል በሚባለው አውራጃ፥ በላውንሰስተን ከተማ አቅራቢያ ተወለደ። ያደገውም በእርሻ ሥራ ነው። በ1782 የሰው ቤት ሰብሮ ሁለት የኪስ ሰዓት ሰርቋል ተብሎ በቦድሚን ከተማ በተሰየመው ችሎት ፊት ቀረበ፤ ፍርዱም ሞት ሆነ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ብዙ ዓይነት ስርቆት በሞት ይቀጣ ነበር። ዳሩ ግን ሞት ከተፈረደባቸው መካከል ብዙዎቹ ምሕረት እየተደረገላቸው ቅጣቱ ወደ ግዞት ይለወጥላቸው ስለ ነበር፥ ሩስም ከስቅላት ተርፎ የሰባት ዓመት ግዞት ተወሰነበት። የሚጋዝበት ምድር አፍሪካ እንዲሆን ታዘዘ።

እንግሊዞች ከዚያ ቀደም ፍርደኞቻቸውን ይልኩ የነበረው ወደ አሜሪካ ቅኝ አገሮቻቸው ነበር። በ1775 አሜሪካኖች ለነጻነታቸው ጦርነት ባነሡ ጊዜ ይህ መንገድ ተዘጋ። ዳኞቹ ግን ግዞት መፍረዳቸውን አላቋረጡም፤ ስለዚህ የሚላክበት አገር የሌለው ፍርደኛ እየበዛ ሄደ። እስር ቤቶቹ ሲሞሉ አሮጌ መርከቦች በየወደቡ ታስረው እስር ቤት እንዲሆኑ ተደረገ። ሩስም በፕሊማዝ ወደብ በቆመችው ደንከርክ በምትባል መርከብ ውስጥ፥ መንግሥት የግዞቱን ስፍራ እስኪቆርጥ ድረስ ለዓመታት ሲጠብቅ ቆየ።

በመጨረሻም የእንግሊዝ መንግሥት በምድር ሌላ ዳርቻ የሚገኘውን የአውስትራልያን ምሥራቃዊ ጠረፍ መረጠ። ሜይ 13 ቀን 1787 ዓሥራ አንድ መርከቦች ከ700 የሚበልጡ ግዞተኞችን፥ ጠባቂ ወታደሮችንና ሹማምንትን ይዘው ከፖርትስማዝ ተነሡ። ሩስ ስካርቦሮ በምትባለው መርከብ ላይ ነበረ። ጉዞው ከስምንት ወር በላይ ፈጀ። ወደ አፍሪካ ተፈርዶበት የነበረው ሰው አፍሪካን ያየው በኬፕ ወደብ መርከቦቹ ስንቅ ሲጭኑ ብቻ ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 በሲድኒ ወሽመጥ መልሕቅ ጣሉ። ከመርከብ ወደ ምድር ሲወረድ ሩስ አንድ መኮንን በጀርባው አዝሎ ስለ ወረደ ቀድሞ መሬቱን የረገጠው እርሱ ነው እየተባለ ይነገራል፤ ይህ ግን ከታሪክ ይልቅ ወደ ጨዋታ የሚያደላ ወሬ ነው።

አገረ ገዥው አርተር ፊሊፕ የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። ከተሰጠው ትእዛዝ አንዱ ቅኝ አገሩ በተቻለ ፍጥነት ራሱን እንዲመግብ ማድረግ ነው። ነገሩ ግን እንደታሰበው አልሄደም። በሲድኒ ዙሪያ ያለው አፈር ስስና አሸዋማ ሆኖ ተገኘ። ከግዞተኞቹ መካከል ብዙዎቹ የከተማ ሰዎች ስለ ነበሩ ዶማ ጨብጠው አያውቁም። በመርከብ የመጡት ጥቂት ከብቶችም በመጀመሪያው ዓመት ጠባቂያቸውን አምልጠው ወደ ጫካ ጠፉ፤ በ1795 ሲገኙ ተራብተው ትልቅ መንጋ ሆነው ነበር። እስከዚያው ድረስ በሬ የለም፤ በሬ ከሌለ ሞፈርና ቀንበር የለም፤ መሬቱ ሁሉ የሚቆፈረው በሰው ክንድ ነው። ስንቅ ጭና የተላከችው ጋርዲያን የተባለች መርከብ በ1789 መጨረሻ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ሳትደርስ ቀረች። ሲሪየስ የምትባለውም በማርች 1790 በኖርፎክ ደሴት ላይ ተሰበረች። ቀለብ በየጊዜው እየተቀነሰ ሄደ። ፊሊፕ የሚመሰገንበት አንድ ነገር፥ ለግዞተኛውና ለወታደሩ የሚሰፈረው ቀለብ እኩል እንዲሆን ማድረጉ ነው፤ ወታደሮቹ ግን በዚህ አጉረመረሙ።

በዚህ ረኃብ መካከል፥ በጁላይ 1789 ገደማ፥ አንዳንድ ግዞተኞች ወደ ሹማምንቱ እየቀረቡ «የተፈረደብን ሰባት ዓመት ተፈጽሟል፤ ነጻ ሰዎች ነንና እንለቀቅ» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ዘመኑ የሚቆጠረው ከፍርዱ ቀን ጀምሮ ስለ ሆነ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። መንግሥትም እምቢ ሊል አይገባውም ነበር፤ ነገር ግን መልስ የሚሰጥበት ወረቀት አልነበረውም። የእያንዳንዱን ሰው የፍርድ ቀንና የግዞት ዘመን የሚያሳየው መዝገብ እንግሊዝ አገር ቀርቷል። ዓሥራ አንድ መርከብ ሙሉ ሰውና ዕቃ ሲጫን፥ ዘር፥ ዶማ፥ ድንኳንና የእግር ብረት ሳይቀር ተቆጥሮ ሲገባ፥ የሰዎቹ ዶሴ ተረሳ። በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ዶሴ ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ ያውቃል፤ ዶሴው ተመልሶ እስኪመጣ ግን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የባሕር መንገድ ማስፈለጉን ስንመለከት የነገሩን ክብደት እንረዳለን።

ፊሊፕ ሰዎቹን በቃላቸው ብቻ አምኖ ቢለቅ፥ ዘመኑ ያልተፈጸመውም ሁሉ ተፈጽሟል እያለ ይመጣል። ባይለቅ ደግሞ ነጻ ሰው በባርነት ይይዛል። ስለዚህ ማስረጃው እስኪመጣ ድረስ በሥራቸው እንዲቆዩ አዘዘ። ጆን ካሊሆርን የሚባል አንድ ግዞተኛ ይህን አልቀበልም ብሎ በአገረ ገዥው ፊት ሲከራከር ምክትል አገረ ገዥውን ጠቅሶ ተናገረ። የሹሙን ስም በሐሰት አንሥተሃል ተብሎ ተከሶም ስድስት መቶ ግርፋትና ስድስት ወር በእግር ብረት እንዲቀጣ ተፈረደበት።

ሩስም የጠየቀው በዚሁ ሰሞን ነው። ዘመኔ ተፈጽሟል ከማለት አልፎ፥ ገበሬ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝና መሬት ይሰጠኝ አለ። የእርሱም ዶሴ ከሌሎቹ ጋር እንግሊዝ አገር ነው የቀረው፤ ቃሉን የሚያረጋግጥለት አንድም ጽሑፍ አልነበረም። ይሁን እንጂ ፊሊፕ አንድ ሌላ ነገር ሲያሳስበው ቆይቷል። አንድ ሰው በዚህ አገር መሬት ቢሰጠው ራሱን ለመመገብ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል? ይህን ሳያውቅ ለንደን ላለው መንግሥት ስለ ወደፊቱ አንዳች እርግጠኛ ነገር ሊጽፍ አይችልም። ስለዚህ ለሩስ ነጻነቱን በጽሑፍ ሳያረጋግጥለት፥ ርስቱንም ሳይሰጠው፥ መሬቱን ለሙከራ እንዲይዝ ብቻ ፈቀደለት። በእኔ አስተያየት ይህ የብልህ ሹም ውሳኔ ነው። ሕጉን አልጣሰም፤ ማስረጃ የለም ብሎም ሰውየውን አላሰናበተውም። ካሊሆርን በዚያው ሰሞን ስለ ደረሰበት ግርፋት ስናስብ ግን የፊሊፕን ምስጋና መጠን ልናበጅለት ይገባናል።

በኖቬምበር 1789 ሩስ ከሲድኒ ወደ ምዕራብ፥ በወንዙ ራስ፥ ሮዝ ሂል በተባለው ስፍራ አንድ ኤከር ተኩል መሬት ተመነጠረለት። ይህ ከአንድ ሄክታር ጥቂት ከግማሽ የሚበልጥ ማለት ነው። ጎጆ ተሠራለት፤ ዘር፥ የእርሻ መሣሪያ፥ ጥቂት አሳማና ዶሮ ተሰጠው፤ ምርቱ እስኪደርስም ከመንግሥት ጎተራ ቀለቡን እንዲቀበል ተፈቀደለት። ቦታው የሙከራ እርሻ ተባለ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይጠራበታል።

እርሻውን እንዴት እንደ ሠራው ዋትኪን ቴንች የሚባል የባሕር ወታደሮች መኮንን በ1791 መጨረሻ ከስፍራው ድረስ ሄዶ ጠይቆታል፤ የሰማውንም በ1793 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎልናል። ሩስ እንዳስረዳው፥ በመጀመሪያ ዛፉን ቆርጦ በዚያው ያቃጥለዋል፤ አመዱንም ከአፈሩ ጋር ያዋሕዳል። ከዚያም በዶማ ይቆፍራል። በቀን የሚቆፍረው ከሁለት መቶ ሠላሳ ሜትር ካሬ አይበልጥም፤ በዚህ መጠን አንድ ኤከር ጨርሶ ለመገልበጥ ሃያ ቀን ያህል ይወስድበታል ማለት ነው። ጓሉን እየፈረካከሰ፥ ሣሩንና አረሙን እየቀበረ፥ መሬቱን ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው ትቶ ያሳድረዋል። የዘር ጊዜ ሲደርስ እንደ ገና ይገለብጠዋል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላም መሬቱን አልስልሶ ተርኒፕ የሚባለውን ሥረ ተክል ይዘራበታል፤ ይኸውም ለሚመጣው ዓመት አፈሩን ያለሰልስለታል። ገለባውን አያቃጥለውም፤ በጉድጓድ ቀብሮ ከሚበሰብስ ነገር ሁሉ ጋር ፍግ ያደርገዋል። የመንግሥቱ እርሻ እንዲሁ ላዩ ብቻ የተጫረ መሆኑን፥ የእርሱ ግን በሥርዓቱ የተቆፈረ መሆኑን ለመኮንኑ ሳይናገር አላለፈም። ስለ አፈሩ ሲጠየቅ ደግሞ መካከለኛ ነው፤ ፍግ ካገኘ ይሰጣል፤ ከብት ከሌለ ግን አይዘልቅም ሲል መለሰ።

ከብት የሌለበት እርሻ እንደማይዘልቅ የአገራችን ገበሬ ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም። ሩስ በሬ ሳይኖረው፥ በሁለት ክንዱና በዶማው ብቻ መሥራቱ ግን ሊታሰብ የሚገባው ነው። ብቻውንም አልቀረም። በጁን 1790 ሴት ግዞተኞችን ጭና በመጣችው ሌዲ ጁሊያና በምትባል መርከብ ከመጡት አንዷን ኤልሳቤጥ ፔሪን በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 5 ቀን አገባ። ሌሎች ግዞተኞችም ከመንግሥት ሥራ በሚያርፉባቸው ሰዓቶች እየመጡ ተጨማሪ መሬት መንጥረውለታል፤ የጉልበታቸው ዋጋ የመነጠሩት መሬት የመጀመሪያ ዓመት ምርት ነው።

በፌብሩዋሪ 1791 ሩስ ወደ ሹማምንቱ ቀርቦ ከእንግዲህ ወዲህ ለራሱ ከጎተራ ቀለብ እንደማይቀበል አስታወቀ። ሙከራው ከተጀመረ አሥራ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ፊሊፕ የፈለገውን ቁጥር አገኘ፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪልም የሠላሳ ኤከር ርስት ለሩስ ሰጠው። ይህ በጥንቱ የአገራችን ልኬት ከአንድ ጋሻ ሢሶ የማይሞላ ነው። በዚያ ቅኝ አገር ርስት ከተሰጣቸው ሰዎች ሁሉ የመጀመሪያው እርሱ ነው፤ የርስቱም ደብዳቤ በፌብሩዋሪ 1792 ተጻፈለት። ሰውየው ትጉህ መሆኑ አይካድም። ዳሩ ግን የተመነጠረ መሬት፥ ጎጆ፥ ዘር፥ መሣሪያና የአሥራ አምስት ወር ቀለብ ከጀርባው እንደ ነበረ አንዘንጋ። ባዶ እጁን ተለቆ በብርታቱ ብቻ ከበረ እያሉ የሚተርኩለት ሰዎች ይህን ክፍል ይዘሉታል።

የሚዘሉትም ይህን ብቻ አይደለም። መንግሥት ለሩስ የሰጠው መሬት ከማን የተገኘ ነው?

ሮዝ ሂል የእንግሊዞች ስም ነው። በጁን 1791 ስፍራው ፓራማታ ተብሎ ተሰየመ፤ ይህም የተወሰደው ከቦታው ባለቤቶች ቋንቋ ሲሆን፥ በወንዙ ከሚገኘው እባብ ከሚመስለው ዓሣ ጋር የተያያዘ ነው። ሕዝቡም ቡራማታጋል ይባላል፤ የዳሩግ ነገድ ወገን ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖሯል። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ከእነርሱ ጋር አልተዋዋለም፤ ከእነርሱም አልገዛም፤ ምድሩ ሁሉ የንጉሥ ጆርጅ ነው ብሎ ያዘው። ሩስ መሬቱን ከመያዙ ጥቂት ወራት በፊት፥ በኤፕሪል 1789፥ ፈንጣጣ በሲድኒ ዙሪያ ባለው ሕዝብ ላይ ወርዶ የሟቾች ሬሳ በየዋሻውና በየባሕሩ ዳር ተጋድሞ ተገኘ። ሩስ መቆፈር በጀመረበት በዚያው በኖቬምበር ወር ደግሞ ፊሊፕ ቋንቋቸውን ለመማር ሲል ቤኔሎንግ የሚባለውን የዚያን አገር ሰው በወታደር አስያዘው። ከነዋሪዎቹ ግማሹ ያህል በፈንጣጣው ማለቁን ለፊሊፕ የነገረው ይህ ሰው ነው። ሩስ አመዱን ከአፈሩ ጋር ሲያዋሕድ ያን ያህል ጸጥታ ያገኘው ባለቤቶቹ በሞት ስለ ተመናመኑ ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሩስ እንመለስ። በርስቱ ላይ ብዙ አልቆየም። በኦክቶበር 1793 እርሻውን ጆን ሃሪስ ለሚባል የወታደሮች ሐኪም በ40 ፓውንድ ሸጠው። በ1794 መጀመሪያም ወደ ሰሜን ምዕራብ ሄዶ በሆክስበሪ ወንዝ ዳር ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ ሃያ ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። አፈሩ ወንዝ ያመጣው ደለል ስለ ሆነ ያለ ፍግ ይሰጣል፤ ሩስ በፓራማታ ያጣውን እዚህ ያገኘ መሰለው።

ደለሉን የሚያመጣው ግን ጎርፍ መሆኑን ሰፋሪዎቹ ቆይተው ነው የተረዱት። ከሁሉ አስቀድሞም ይህ ወንዝ ዳር ባለቤት ነበረው። የዳሩግ ሰዎች ከወንዙ ዳርቻ፥ በአገራችን በአንዳንድ ስፍራ ቦዬ ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል ሥራ ሥር እየቆፈሩ ይመገቡ ነበር። ሰፋሪዎቹ ያንኑ ዳርቻ ቆፍረው በቆሎ ሲዘሩበት ምግባቸው ጠፋ። በቆሎው ሲደርስ መጥተው መሸልቀቅ ጀመሩ፤ ሰፋሪዎቹም ተኮሱ። በሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። በ1795 ምክትል አገረ ገዥው ዊሊያም ፓተርሰን ወታደሮች ልኮ ያገኙትን ሁሉ እንዲገድሉ፥ ሬሳውንም ለማስፈራሪያ እንዲሰቅሉት አዘዘ። ከሞት ፍርድ በምሕረት የተረፈው ሰው እርሻ የሚገኘው በዚህ ወንዝ ዳር ነበር።

ጎርፉም አልቀረም። በ1806 እና በ1809 ወንዙ ሞልቶ እህሉን፥ ክምሩንና ቤቱን እየጠረገ ወሰደ። ከጎርፉ ጋር ዕዳ ነበረ። በዚያ ቅኝ አገር ገንዘብ እጅግ ያነሰ ስለ ነበር መገበያያው አብዛኛውን ጊዜ አረቄ ሲሆን፥ የአረቄውን ንግድ የያዙት የጦር መኮንኖችና ጥቂት ነጋዴዎች ናቸው። ትንሹ ገበሬ ዘርና መሣሪያ በዱቤ ይወስዳል፤ አዝመራው ሲጠፋ መሬቱን ያስይዛል፤ በመጨረሻም ይለቃል። ሩስም በዚህ መንገድ ነው የሄደው። ለጊዜው በመርከብ ላይ ተቀጥሮ እስከ መሥራት ደርሷል። በ1809 በባንክስታውን መቶ ኤከር ቢሰጠውም በእርሱ ላይ አልጸናም። በ1828 የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ለመሆን ተቃርቦ ሳለ፥ በሚንቶ አካባቢ የሌላ ሰው ርስት ተቆጣጣሪ ሆኖ ተመዝግቧል። በአውስትራልያ የመጀመሪያውን የርስት ደብዳቤ የተቀበለው ሰው በእርጅናው የሚያስተዳድረው የሰው መሬት ነበር።

ኤልሳቤጥ በ1836 ሞተች፤ እርሱም ሴፕቴምበር 5 ቀን 1837 ዐረፈ። የተቀበረው በካምፕበልታውን በካቶሊኮች መካነ መቃብር ነው። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያለው ጽሑፍ ፊደሉ የተሳሳተ፥ አጻጻፉም ያልተስተካከለ ነው፤ የቀረጸውም ራሱ ሩስ ነው ይባላል። እናቱ ተጨንቃ እንዳሳደገችው ያወሳል፤ በዚህ ቅኝ አገር የመጀመሪያውን እህል የዘራሁ እኔ ነኝ ይላል። በሮዝ ሂል ከእርሱ በፊት የመንግሥት እርሻ ስለ ነበረ አባባሉ በትክክል ሲመዘን ጥቂት ይበዛል፤ ለራሱ የዘራ የመጀመሪያው ሰው ቢባል ግን ማንም አይከራከረውም። ስለ ሁለቱ ሰዓቶች ድንጋዩ ዝም ብሏል።

ከ1788 እስከ 1868 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ አውስትራልያ ተግዘዋል። ከእነርሱ መካከል የሩስ ስም ዛሬም በብዙ ስፍራ ይጠራል፤ በሲድኒ አንድ ታላቅ ጎዳና፥ በካምፕበልታውን አንድ ሰፈር፥ በ1959 የተመሠረተ አንድ የታወቀ የእርሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም በስሙ ይጠራሉ። ምድሩ ከእንግሊዞች በፊት ባለቤት እንዳልነበረው ይቆጥር የነበረውን አሳብ የአውስትራልያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1992 ማቦ በተባለው ክስ ውድቅ አድርጎታል፤ ይህም የሆነው ለሩስ የርስት ደብዳቤ በተጻፈለት በሁለት መቶኛው ዓመት ነው።

የሙከራው እርሻ ከነበረበት መሬት ጥቂቱ አሁን የታሪክ መታሰቢያ ሆኖ ተጠብቋል። ጎብኚው የሚያየው ቤት ግን ሐኪሙ ጆን ሃሪስ በኋላ ያሠራው ነው፤ የሩስ ጎጆ የለም። ሰፈሩም ሃሪስ ፓርክ ይባላል፤ በቤቱ ፊት የሚያልፈው መንገድ ብቻ የሩስ ጎዳና ተብሏል።